ውዳሴ ጠያቂ

ሕመምተኛ ሊጠይቁ መጥተው ዋርዱን ለሚያስተዳድሩልን ወገኖች እስከ ዛሬ ምስጋና አለማቅረባችን ያሳፍራል። እኛ ነርሶች ውለታ ቢሶች ነን። ዓመታት ተምረን፣ ሌሊቱን ቆመን አድረን ያልገባንን ነገር እናንተ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣችሁ በአምስት ደቂቃ ስትፈቱት እያየን፣ አንድ ቀን እንኳ “እጃችሁ ይባረክ” ብለናችሁ አናውቅም።

ከግሉኮሱ ልጀምር። (ከላይ ተሰቅሎ የሚንጠባጠብ ነገር ሁሉ ግሉኮስ ነው፤ ከረጢቱ ላይ ሌላ ቢጻፍም።) ሐኪሙ 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት ይግባ ብሎ አዟል። ቱቦው 20 ጠብታው አንድ ሚሊ ሊትር የሚሞላ ዓይነት ከሆነ በደቂቃ ወደ 42 ጠብታ ይደርሳል። ነርሷ ሰዓቷን እያየች በከንፈሯ ትቆጥራለች፤ ቱቦው ላይ ያለችውን የጠብታ ማስተካከያ ላላ ታደርጋለች፣ ጠበቅ ታደርጋለች፣ እንደገና ትቆጥራለች። ከዚያ ወደ ቀጣዩ አልጋ ትሄዳለች። ጠያቂው ቀና ብሎ የሚያየው ይሄኔ ነው። “ምነው እንዲህ ይንቀረፈፋል? ረስተውት ነው እኮ!” ማስተካከያዋ አንድ ጊዜ ተፈታች፤ ጠብታው ጅረት ሆነ። የ8 ሰዓቱ ሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ተጠናቀቀ። ይህን ቅልጥፍና የትኛው ትምህርት ቤት ያስተምራል? በእርግጥ ልባቸው የደከመ አዛውንት ሳንባቸው ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ከረጢቱ ውስጥ ፖታሲየም ተጨምሮበት ከሆነም ልብ ምቱን ሊስት፣ ጭራሽ ቀጥ ሊል ይችላል። ግን ለዚያ መፍትሔ አለው፤ “ተረኛዋ ማን ነበረች?” ተብሎ ይጠየቃል።

መድኃኒት ስንሰጥ አምስት ነገር አረጋግጡ ተብለን ተምረናል፦ ትክክለኛ ሕመምተኛ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድ፣ ትክክለኛ ሰዓት። ስድስተኛውን የጨመራችሁልን እናንተ ናችሁ፦ “ሲስተር፣ አንዴ!” መርፌው ላይ የተሳለውን መስመር ዓይን ላይ አድርገን ስንለካ፣ “ሲስተር፣ አንዴ፣ ቻርጀር የሚሰካው የት ነው?” ክኒን ስንቆጥር፣ “ሲስተር፣ አንዴ፣ መስኮቱን!” በሆስፒታል ውስጥ ለሁሉም ነገር የመጠን ጣሪያ ተበጅቶለታል፤ ለ“አንዴ” ብቻ የለውም።

ስለ ሹመት አሰጣጣችሁም ሳላነሳ ማለፍ ግፍ ነው። ቀዶ ጥገናውን ራሷ የሠራችው ስፔሻሊስት አሥር ደቂቃ ሙሉ ቆማ ታስረዳችኋለች፤ በትዕግሥት ታዳምጡና “እሺ ሲስተር፣ ዶክተሩ መቼ ነው የሚመጣው?” ትሏታላችሁ። ፖፖ ተሸክሞ የሚያልፈውን ወንድ ነርስ ደግሞ “ዶክተር!” ብላችሁ ታስቆሙታላችሁ። ፈተና የለ፣ ምርቃት የለ።

ድንገተኛ ክፍልን በአጭሩ ልለፈው። “ቀድሜ የመጣሁት እኔ ነኝ!” ብሎ ጠረጴዛ የሚደበድበው ወንድማችን ምንኛ ጤነኛ እንደሆነ ራሱ እየነገረን ነው፤ እንዲህ የሚጮህ ሰው የአየር ቧንቧው ክፍት ነው። እኛ የምንሮጠው ጥጉ ላይ ጸጥ ወዳለው ነው። እጅ መታጠብንም ለእኛ ብቻ ስለተዋችሁልን እናመሰግናለን፤ ከአልጋ አልጋ እየዞራችሁ ስትጨብጡ ጀርሙም እንደ ሰው ጠያቂ አገኘ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የፎቶ ተሰጥኦአችሁ ነው። ነርሷ ለአሥራ አንድ ሰዓት ስትቆም፣ ሕመምተኛ ስታገላብጥ፣ ኦክስጅን ስትቀይር፣ የደም ግፊት ስትለካ ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ርክክብ ሊደርስ ሲል ቻርት ይዛ ቁጭ ትላለች። ብልጭ! “ዘመዳችን እያቃሰተ ነርሶቹ ተቀምጠው ያወራሉ።” በፎቶው ላይ እጇ ሥር የተዘረጋው ቻርት የዚያው የዘመዳችሁ ነው። ስንት ሽንት እንደወጣው፣ ትኩሳቱ ስንት ሰዓት ላይ እንደወረደ እየጻፈች ነው፤ ያልተጻፈ ነገር ለሚቀጥለው ተረኛ አልተሠራም ማለት ነውና። የዘመናዊ ነርስነት እናት የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ሌሊት በቁስለኞች መካከል ፋኖስ ይዛ በመዞሯ ትወደሳለች። ከክሪሚያ ጦርነት በኋላ ቁጭ ብላ ቁጥር ደምራ፣ ከወታደሮቹ ብዙዎቹን የጨረሳቸው ቁስል ሳይሆን መከላከል የሚቻል በሽታ መሆኑን በሥዕላዊ ሠንጠረዥ ማሳየቷን ግን ማንም አያነሳባትም። ዕድለኛ ናት፤ ያኔ በየኪሱ ካሜራ አልነበረም።

ውለታችሁን ስቆጥር ጭብጨባውን መርሳት አይገባኝም። እ.ኤ.አ. 2020 ናይቲንጌል የተወለደችበት 200ኛ ዓመት ስለነበር የዓለም ጤና ድርጅት አስቀድሞ የነርሶችና የአዋላጆች ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር። ኮቪድ ደረሰና በብዙ ከተሞች ሰው በየበረንዳው ወጥቶ “ጀግኖቻችን!” እያለ አጨበጨበ። አንዳንድ አከራዮች ደግሞ ጀግናዋ ቫይረስ ይዛ እንዳትገባ ብለው ከቤታቸው አስወጧት፤ ጀግና ሜዳ ላይ ነው የሚያምርበት። የማጨብጨቡ ወራት አለፈ። የታደለው እጅ ግን ሥራ አልፈታም፤ ይኸው ዛሬም የግሉኮሱን ማስተካከያ ይፈታል።

ባለፈው ወንድሜ ታሞ ተኛና እኔም በተራዬ አስታማሚ ሆንኩ። ሌሊት ነው። የተሰቀለለትን ከረጢት ቀና ብዬ አየሁ፤ እንደ ሙያዬ ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ። አርባ ሁለት። ሌላ ደቂቃ ቆጠርኩ። አርባ ሁለት። አላስቻለኝም፤ ተነሳሁና ወደ ነርሶቹ ጠረጴዛ ሄድኩ።

“ሲስተር፣ አንዴ፣ ይሄ ነገር ትንሽ አልዘገየም?”

“መጣሁ” አለችኝ። ቁጭ ብላ ትጽፍ ነበር።