ጎጃሜ እስከ ሁለት መቁጠር አያቅተውም

ሰሞኑን ስለ ምርጫ ሥርዓት ማሻሻያ በተደረገ አንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ የሰማሁት ነገር እስካሁን ያበግነኛል። ከአንድ የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴ ይመረጥ የሚል ሐሳብ ተነሣ። ከተጋባዦቹ አንዱ ፈገግ አሉ። ሐሳቡ ከውጭ የተቀዳ ነው፣ በአገራችን ታሪክ የለውም አሉ። ይሄስ ይሁን። ቀጥለው ግን የገጠሩ መራጭ ይምታታበታል አሉና ምሳሌ ፍለጋ ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ገቡ። የጎጃም ገበሬ ሁለት ሰው ምረጥ ቢሉት ግራ ይገባዋል ማለታቸው ነው። አወያዩም ሳቅ ብሎ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ።

እኔን አላሳቀኝም።

በዋሸራና በዲማ ጉባኤ ቤት ሰምና ወርቅ ሲለይ የኖረ አገር ሁለት ስም ሲያይ ይደናገራል? ይሄን እንኳን እንተወው። ቅኔ ለምርጫ ሕግ ማስረጃ አይሆንም የሚል አይጠፋም። ወደ ወረቀቱ እንሂድ። ወረቀቱ ደግሞ ለተናጋሪው አይመችም።

የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አገሩ በተቻለ መጠን 200,000 ሕዝብ በሚይዙ የምርጫ ክልሎች እንዲከፈል ደነገገ። እያንዳንዱ የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴ እንዲልክ ደነገገ። አንድ አላለም። ሁለት ነው ያለው። ከ30,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ ደግሞ ለብቻው አንድ እንደራሴ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ 50,000 ሕዝብ አንድ ይጨመርለታል። ባሕር ዳር ያኔ ትንሽ ከተማ ነበረች፣ ይህ የከተማ ድርሻ የሚደርሳት አልነበረችም። ስለዚህ የጎጃም መራጭ ዋና ትምህርቱ ያው የገጠሩ ሕግ ነበር፦ አንድ ክልል፣ ሁለት ወንበር።

በዚህ ሕግ የመጀመሪያው ምርጫ የተደረገው በ1950 መግቢያ ላይ ነው። 210 እንደራሴዎች የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ገቡ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነው የተመረጡት በዚሁ ምርጫ ነው። ከዚያ በየአራት ዓመቱ ምርጫው ቀጠለ። 1953፣ 1957፣ 1961፣ 1965። አምስት ምርጫ ማለት ነው። የቢቸና፣ የሞጣ፣ የዳሞት፣ የአገው ምድር ሰው አምስት ጊዜ ለሁለት ወንበር ሲመርጥ አንድም ፕሮፌሰር መጥቶ አይምታታብህም ወይ አላለውም። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ምክር ቤቱን ሲበትን ሥርዓቱም አብሮ ተቀበረ። ታሪክ የለውም የተባለው ይሄ ነው እንግዲህ። አሥራ ሰባት ዓመት ታሪክ ካልሆነ ምን ይባላል?

ከውጭ የተቀዳ ነው ለሚለው ደግሞ፣ እሺ፣ ይሁን። ከአንድ ክልል ሁለት ሰው መላክ የእንግሊዞች የቆየ ልማድ ነው። ከመካከለኛው ዘመን ጀምረው ከየአውራጃቸው ሁለት ሁለት ሰው ሲልኩ ኖረው የመጨረሻዎቹን ባለ ሁለት ወንበር ክልሎች ያስቀሩት በፈረንጆቹ 1950 ምርጫ ነው። ግን ዛሬ የምንሠራበት የአንድ ወንበር ሥርዓትስ ከየት መጣ? ከደብረ ማርቆስ ነው? እሱም ከዚያው ከለንደን ነው። አንዱ ሲቀዳ ዘመናዊነት፣ ሌላው ሲቀዳ ኩረጃ የሚሆንበትን ምክንያት የሚያውቁት ተናጋሪው ብቻ ናቸው። አፍሪካዊ ምሳሌ ካስፈለገም ሞሪሸስ አለች። እዚያ ዋናው ደሴት በ20 የምርጫ ክልሎች ተከፍሎ ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ሰው ይመረጣል። የሞሪሸስ ገበሬ እስከ ሦስት ቆጠረ፣ የጎጃሙ ሁለት ላይ ይደናበራል!

ደግሞስ ዛሬ ምን እየሠራን ነው? የአማራ ክልል ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 138 ወንበር አለው። ለክልሉ ምክር ቤት ግን 294። ከእጥፍ በላይ ነው። ትርፉ ከሰማይ አልወረደም። ያው የምርጫ ክልል ለፌዴራሉ አንድ ሰው ሲልክ ለክልሉ ከአንድ በላይ ይልካል። አዲስ አበባም እንዲሁ ነው፤ 23 የምርጫ ክልሎች ለከተማው ምክር ቤት 138 ሰው ይመርጣሉ፣ ስድስት ስድስት ማለት ነው። እንግዲህ ያ ግራ የሚገባው የተባለው ገበሬ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጣቢያ፣ አንዱን ወረቀት ለአንድ ወንበር ሌላውን ለብዙ ወንበር እየሞላ ወደ ቤቱ ይገባል። ግራ የተጋባው ሌላ ሰው ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። የጃንሆይ ፓርላማ ጌጥ ነበር ይባላል። ከእጩዎቹ ጀርባ ፓርቲ አልነበረም፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ፣ የመጨረሻው ቃልም የእሳቸው ነበር። እውነት ነው። እጩ ለመሆን በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው መሆን ይጠየቅ ነበር። ርስት የማይደርሰው ሸማኔና አንጥረኛ በዚህ በር አይገባም ነበር፤ ይሄም ነውር ነው። 200,000 የተባለውም ግምት ነበር፤ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ሕዝብ ቆጠራ የተደረገው በ1976 ነው። ይሄን ሁሉ ተቀብያለሁ። ግን ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው የሁለቱ ወንበር ጥፋት? ፓርላማውን አቅመ ቢስ ያደረገው ዙፋኑ እንጂ የወንበሩ ቁጥር አይደለም።

የ1960ውን የጎጃም አመፅም እንደ ማስረጃ የሚጠቅሱ አሉ። ሁለት ሁለት እንደራሴ እያለው ጎጃሜ ለምን ጠመንጃ አነሣ ይላሉ። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በዚያው ዓመት ወጣ። ገበሬው መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ከሞጣ እስከ ዳሞት ተነሣ። ጦር ተላከበት፣ አውሮፕላን ተላከበት። በመጨረሻ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ፣ ግብሩም በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ። ይሄ ታሪክ ለእኔ የሚነግረኝ ሌላ ነው። ሰሚ ያጣ ሕዝብ እንደራሴው አንድ ሆነ ሁለት ወደ ጫካ ይወጣል። ሰሚ ያለው ምክር ቤት ሲኖር ግን የሁለተኛው ሰው ዋጋ እዚያ ላይ ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የአንድ ወንበር ሥርዓት ምን እንዳደረገን ለመናገር ሩቅ አልሄድም። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ። በ2007 ደግሞ 547ቱንም። ሙሉውን! ስለ ማጭበርበሩ፣ ስለ ማስፈራራቱ የተባለውን ሁሉ አውቃለሁ፤ አልክደውም። ግን ማጭበርበር ባይኖር ኖሮ እንኳን ይሄ ሥርዓት ለዚህ የተመቸ ነው። በየምርጫ ክልሉ አንድ ድምፅ የበለጠ ሁሉን ያፍሳል። የተሸነፈው ወገን 40 በመቶ ይሁን 45 በመቶ፣ ምክር ቤት ውስጥ የለም። እንዳልተወለደ ይቆጠራል። አምስት ዓመት ሙሉ።

በጎጃም ሁለት ሰው በድንበር ሲጣላ ሽማግሌ እንዴት እንደሚቀመጥ የማያውቅ የለም። አንተም ሽማግሌህን ትጠራለህ፣ ባላጋራህም የራሱን ይጠራል። ድንበሩ ለአንዱ ሊፈረድ ይችላል። ግን የተረታውም ሰው ነገሩን የሚያውቅለት፣ በስሙ የሚናገርለት ሰው እዚያ ተቀምጦ ነበር። ለዚህ ነው ፍርዱን ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባው። የአሸናፊው ሽማግሌ ብቻ የተቀመጠበት እርቅ ጎጃም ውስጥ እርቅ አይባልም። ለፓርላማ ሲሆን ግን ይሄንኑ ዴሞክራሲ ብለን እንቀበለዋለን።

ሁለት ወንበር ይሄን ያስተካክላል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በአንድ የምርጫ ክልል ሁለት ወንበር ይኑር፣ መራጩ ግን አንድ ድምፅ ብቻ ይስጥ። ብዙ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ ይግቡ። 90,000 ሰው ድምፅ ቢሰጥ 30,001 ያገኘ እጩ በምንም ተአምር ሦስተኛ ሊሆን አይችልም። ሁለት ሰዎች ከእሱ ይበልጡ ቢባል ድምሩ ከ90,000 ያልፋላ። ስለዚህ ከሦስት አንድ እጅ ትንሽ ከፍ ያለ ድጋፍ ያለው ወገን፣ ድምፁን ካልበተነ፣ አንድ ወንበር አያጣም። ገዢው ፓርቲ ይወደድ፣ ይጠላ፣ ጉዳዬ አይደለም። 60 በመቶ ያገኘው አንድ ሰው ይልካል፣ 40 በመቶ ያገኘውም አንድ ሰው ይልካል። 60ው እኩል ሆንኩ ብሎ ቢያጉረመርም ያጉረምርም። 40ው ሙሉ በሙሉ ከሚጠፋ ይሻላል።

እዚህ ላይ ነው የክልል ምክር ቤቱን ምሳሌ ይዘው የሚመጡብኝ። እዚያ ብዙ ወንበር አለ፣ ገዢው ፓርቲ ግን ያው ጠረገው ይላሉ። አዎ፣ ይጠርጋል። መራጩ ለወንበሩ ሁሉ ድምፅ ከሰጠ ያው አንዱ ወገን ሁሉንም ይጠርጋል። የችግሩ መፍቻ ለዚህ ነው አንድ ሰው አንድ ድምፅ የሚሆነው። ይሄን የሚያክል ትንሽ ነገር ማስተካከል አቅቶን ሥርዓቱን በሙሉ አይሠራም ማለት ሰነፍነት ነው።

ሌላም አለ። ከጮቄ ግርጌ እስከ ዓባይ በረሃ የሚወርድ አገር ነው። ከላይ ገብስና ድንች፣ መሀል ጤፍ፣ ከታች ማሽላና ወባ። በደጋው ያለው ሰው ጭንቀቱ የአፈሩ መታጠብ ነው። የቆላው ጭንቀት ወባና ውሃ ነው። አንድ ሰው ብቻ ሲመረጥ ማን ይመረጣል? መንገድ ዳር ያለው፣ ከተማ የተቀመጠው። ከአስፋልቱ በእግር አንድ ቀን የሚርቀው ቀበሌ ሰው እንደራሴውን በፎቶ ነው የሚያውቀው። ሁለት ሲሆን ቢያንስ ሁለተኛውን ከወዲያኛው ጫፍ የማስመረጥ ዕድል አለው። ከሁለቱ አንዱ ቢሞት፣ ቢታሰር፣ ወይም አዲስ አበባ ገብቶ ዝም ቢል ደግሞ ሌላኛው በር አለ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ጎጃም ያየውን ያየ ሰው ይሄ ነጥብ የወረቀት ክርክር እንዳልሆነ ይገባዋል።

ብልጥ የሆኑት የሐሳቡ ተቃዋሚዎች የሚያነሡት አንድ ክርክር አለ። ለ200,000 ሕዝብ ሁለት ሰው መላክና ለ100,000 አንድ መላክ ያው ነው ይላሉ። የተሸነፈውን ወገን የሚያስገባው አንዱ ብቻ እንደሆነ ከላይ ተናግሬያለሁ። ግን ደግሞ ለ100,000 አንድ የሚባለውም ድሮ ቀርቷል! ሕገ መንግሥቱ የወንበሩን ቁጥር ከ550 አይበልጥም ብሎ አሥሮታል። ሕዝቡ ግን አልታሰረም። ከ100 ሚሊዮን ካለፈ ቆይቷል። ለ547 አካፍሉት። ለአንድ እንደራሴ ከ180,000 በላይ ሰው ይደርሳል። ማለትም ዞረን ዞረን የጃንሆይ ዘመን የምርጫ ክልል ስፋት ላይ ልንደርስ ነው፤ ልዩነቱ ያኔ ሁለት ሰው ይላክ የነበረበት አሁን አንድ ብቻ መላኩ ነው። በስልሳ ዓመት ውስጥ ውክልናችን በግማሽ ወርዶ ተሻሻልን እንላለን።

ወጪ ይበዛል ለሚሉት፣ ማንም ወንበር ጨምሩ አላለም። ሁለት ሁለት ጎረቤት የምርጫ ክልሎችን አዋህዱ፣ ወንበራቸውን እንዳለ ተዉ። 547ቱ 547 ሆኖ ይቀራል። አንዲት ተጨማሪ ወንበር፣ አንድ ተጨማሪ ደመወዝ፣ አንድ ተጨማሪ መኪና የለም። አንቀጽ 54 አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል ይላል፤ ይሄን ሁለት ሰው በማስገባት መፈጸም ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን የሕግ ሰዎች ይከራከሩበት፣ ለዚያ ነው ደመወዝ የሚከፈላቸው። በ2010 ኢሕአዴግና ተቃዋሚዎች ቅይጥ የምርጫ ሥርዓት ላይ ተስማምተው እንደነበር የሚረሳ የለም።  ያ ስምምነት መሳቢያ ውስጥ ቀረ። አሁን ደግሞ ጉዳዩ እንደገና ሲነሣ የሚሰጠን መልስ የገበሬው አለመቁጠር ሆነ።

ተናጋሪው በሚቀጥለው ውይይት ሲጋበዙ አንድ ነገር ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ለአማራ ክልል ምክር ቤት ከአንድ በላይ ሰው ሲመርጥ የማይምታታበት የቢቸና ገበሬ፣ ለአራት ኪሎው ሲሆን የሚምታታበት በየትኛው መንገድ ላይ ነው? ደጀን ላይ ነው ወይስ ዓባይን ሲሻገር?