አንድ ሞተር ለሁለት ኮምፒውተር?
ድሬዳዋ ያለ ባለመኪናና ሐረር ያሉ የመኪና ኤሌትሪሻን በጽሑፍ የተከራከሩት

የድሬው፦ ኮሮላዬ ላይ ቱርቦ፣ ማለትም አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ አስገጥሜያለሁ። ዋናውን የሞተር ኮምፒውተር ግን አላወጣሁትም። አጠገቡ ሌላ ትንሽ ሳጥን አሰርኩ። ዋናው ብዙ ሥራ አለበት፤ ቁልፉን ያውቃል፣ ኤሲውን ያስነሳል፣ አውቶማቲክ ማርሹን ይቀይራል። በድሬ ሙቀት ያለ ኤሲ እንዴት ይነዳል አቦ? የጎደለው አንድ ነገር ነው። የፋብሪካው የግፊት ሴንሰር ቱርቦ ለሌለው ሞተር የተሠራ ስለሆነ ከከባቢ አየር ግፊት በላይ ብዙም አያነብም። ሳጥኑ የሴንሰሩን ምልክት መሃል ላይ ተቀብሎ ለዋናው ዝቅ አድርጎ ያሳየዋል። የጎደለውን ቤንዚን ራሱ ይጨምራል።

የሐረሩ፦ ልጄ፣ "ያሳየዋል" ያልከው ይዋሸዋል ማለት ነው። ዋናው ደግሞ ጭስ ማውጫው ላይ ኦክስጅን ሴንሰር አለው። ረጋ ብለህ ስትነዳ፣ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር እንዲደርስ እያየ ያርማል። አንተ ስትጨምር እሱ "በዛ" ብሎ ይቀንሳል።

የድሬው፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ስረግጠው ግን ዋናው ያንን ሴንሰር ትቶ በራሱ ሰንጠረዥ ይሄዳል። እኔም የምጨምረው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

የሐረሩ፦ ቱርቦው እኮ ግማሽ ፔዳል ላይም ይነፋል። ደግሞ ዋናው የተማረውን አይረሳም። በብዙ መኪና ረጋ ተብሎ ሲነዳ የተመዘገበው እርማት ሙሉ ፔዳል ላይም ይሠራል። መቀነስ ከለመደ፣ ቤንዚን በጣም በሚያስፈልግህ ሰዓት ይቀንስብሃል። የአየሩና የቤንዚኑ ድብልቅ ይሳሳል፣ ማለትም ቤንዚኑ ያንሳል፤ ድብልቁ ያለጊዜው እየነደደ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል።

ከፍታውንስ አስበኸዋል? ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናቸው። ዋናው ይህን በሴንሰሩ ያውቃል። ርካሾቹ ሳጥኖች ግን ፔዳሉንና የሞተሩን ዙር ብቻ አይተው ነው የሚጨምሩት። አንድ ደንበኛዬ እዚህ ሐረር አስተካክሎ ድሬ ወረደ። ታች አየሩ ወፍራም ነው፤ ሳጥኑ የሚጨምረው ግን ያንኑ የሐረሩን ነው። ሙቀቱ ታከለበትና ፒስተኑ ተበሳ። ያ መኪና የቤተሰቡ መተዳደሪያ ነበር። ሞተሩን ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

የድሬው፦ እኔም አዘንኩ። የእኔ ሳጥን ግን የራሱ ግፊት ሴንሰር አለው፤ ከፍታውን ያነባል። ደግሞስ ምን ላድርግ ነው የሚሉኝ?

የሐረሩ፦ ሥራውን አካፍላቸው። ነዳጅና ካንዴላውን አዲሱ ኮምፒውተር ብቻውን ይያዝ። ቁልፉ፣ ኤሲውና ማርሹ ለዋናው ይቅሩ። ዋናው ቤንዚን የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ሲያጣቸው ስህተት እንዳይመዘግብ በቦታቸው ሬዚስተር ይታሰርለታል። ሽቦው ይበዛል፣ አውቃለሁ። ግንኙነቱ ሁሉ በብየዳ ይሁን፤ በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ በድሬ ሙቀት ሙጫው ይለቃል።

የድሬው፦ ማርሹ ሲቀየር እኮ ዋናው ካንዴላውን ለአፍታ አዘግይቶ ምቱን ያለሰልሳል። ካንዴላው ከእጁ ከወጣ ማርሹ እየመታ ይገባል። ውስጥ ያሉት ክላቾች ቶሎ ያልቃሉ።

የሐረሩ፦ እሱስ እውነትህን ነው፤ አውቶማቲክ ላይ እኔንም ያሳስበኛል። እንግዲያው እሑድ ይዘኸው ና። ድብልቁን በቁጥር የሚያሳይ ኦክስጅን ሴንሰር አለኝ፤ እናስርለት። ድሬ አብረን ወርደን በቀትር ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት እንውጣው። ዳገቱ ላይ ከሳሳ ግን እዚያው አቁመን ሳጥኑን እንነቅለዋለን።