ሻጋታው የማን ነው? ከደቻቱ ዳር እስከ ማንችስተር

ድሬዳዋን ጎርፍ ሲመታት ብዙ ጊዜ ዝናቡ የጣለው እዚያው አይደለም። ላይ ደጋው ላይ ይዘንባል፣ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የዋለው የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ከ200 በላይ ሰው የጨረሰውን ጎርፍ የድሬ ልጅ አይረሳውም። እኔ ግን ዛሬ የማነሳው ሰው ሳይገድል ቤት ገብቶ ስለሚወጣው ውሃ ነው። ለእሱ ማንም ዜና አይሠራም።

የአክስቴ ልጅ ደቻቱ አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። ባለፈው ክረምት ውሃ ገባባት። ጭቃው ተጠረገ፣ አከራይዋ "የድሬ ፀሐይ እያለ ምን ችግር አለ፣ ይደርቃል" አሉ፣ ግድግዳው ቀለም ተቀባ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቁምሳጥኑን ሳብ ስታደርግ ከወለሉ እስከ ጉልበቷ ድረስ ቀለሙ ተነፋፍቶ፣ ሥሩ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ አገኘችው። ልጇ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። "ለምን አትነግሪያቸውም?" ስላት፣ "እትዬ እኮ ልጄን ይይዙልኛል፣ ደግሞ ውጪልኝ ቢሉኝስ?" አለችኝ። ይሉኝታውም ፍርሃቱም ይገባኛል፤ ግን የሚያስለው ልጅ ነው።

ፀሐይ ደጁን እንጂ ቁምሳጥን ጀርባ ያለውን አያደርቅም። ብሎኬት ውሃ ይጠጣል፣ ሻጋታ ደግሞ በአንድ በሁለት ቀን መብቀል ይጀምራል፣ በእርጥቡ ላይ ቀለም መቀባት እርጥበቱን ማፈን ነው። የራሰው ልስን ተራግፎ ግድግዳው እስኪደርቅ መተው አለበት። ውሃ የጠጣ ፍራሽም ይጣላል፣ ያማል ግን ይጣላል።

እኔ የምኖረው ማንችስተር ነው። እዚሁ አጠገባችን ሮችዴል እ.ኤ.አ. በ2020 አዋብ ኢሻቅ የሚባል የሁለት ዓመት ሕፃን በቤቱ ሻጋታ ምክንያት ሞተ። አባቱ ደጋግሞ አመልክቶ ነበር፤ መጀመሪያ ያገኘው መልስ ቀለም ቀባበት የሚል ነው። ድሬም እንግሊዝም አንድ መልስ! አከራዩ ድርጅት ችግሩን በቤተሰቡ አኗኗር አሳቦ እንደነበር ኋላ አመነ። በሕፃኑ ስም የወጣው ሕግ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ጀምሮ በእንግሊዝ የማኅበራዊ ቤቶች (ከማዘጋጃ ቤት ወይም ከቤቶች ድርጅት በዝቅተኛ ኪራይ የሚገኙ ቤቶች) አከራዮች አስቸኳይ አደጋን በ24 ሰዓት እንዲያስተካክሉ፣ ከባድ ሻጋታን በ10 የሥራ ቀን እንዲመረምሩ ያስገድዳል። ከግለሰብ ለተከራየ ግን ይህ የቀን ገደብ ገና አልደረሰም።

አገር ቤትም ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ነገር የመጣን ጥገና በተከራይ ላይ አይጥልም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅም ውሉ በጽሑፍ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን ይላል። ስለዚህ እኔ የምለው፦ መስኮት መክፈት፣ ዕቃ ከግድግዳ ማራቅ፣ ቶሎ መናገር የተከራይ ነው። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ የግቢው የውሃ መውረጃ የባለቤቱ ነው። ጎርፉን አከራይ አላመጣውም፣ እውነት ነው፤ ተከራይም አላመጣውም፣ ቤቱ ግን የአንዱ ነው።

የአክስቴን ልጅ ፎቶ አንሺ፣ ቀኑን ጻፊ፣ የሚከበሩ ጎረቤት ይዘሽ ሂጂ አልኳት። ሄደች። እትዬም አልተቆጡም፣ ልስኑን ሊያስነሱ ተስማምተዋል። ሥራው እስኪያልቅ እሷ እናቷ ጋ ትቆያለች፤ የዚያን ወር ኪራይ ማን ይቻለው በሚለው ላይ ግን ገና እየተነጋገሩ ነው።