ሰባት አጥቢያ ለአንድ ቄስ

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኖርፎክ ውስጥ ባለች አንዲት የገጠር መንደር ጎረቤቴ የነበሩ አዛውንት ሲቀበሩ፣ ቄሱ የሟቹን ስም ከወረቀት ላይ ነበር ያነበቡት። አዛውንቱ ክርስትና የተነሡትም ያገቡትም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው። ቄሱን አልወቅሳቸውም። የሰባት አጥቢያ አስተዳዳሪ ናቸው፤ ሟቹን በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን አላገኟቸውም። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሁሉን ይናገራል፦ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ እዚህ፣ ሁለተኛው ከወንዙ ማዶ፣ ሦስተኛው ሌላ መንደር።

በእኛ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ለአንድ ቅዳሴ እንኳ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይቆማሉ። ሰው ሲታመም ጠበል ይዞ የሚመጣ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቅ የነፍስ አባት አለ። ይህን እያየሁ አድጌ የአንግሊካኑን፣ ማለትም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንን ቄስ ብቸኝነት መልመድ አቃተኝ።

በኖርፎክ ብቻ ከ600 በላይ የመካከለኛው ዘመን አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ምእመኑ ግን አርጅቷል፣ ለቄስ ደመወዝ የሚሆነውም ገንዘብ ሳስቷል። ስለዚህ አጥቢያዎቹን እያጣመሩ ለአንድ ሰው ማስረከብ ተለመደ። ነገሩ ለቤተ ክርስቲያኒቱ እንግዳ አይደለም። ድሮ አንዳንድ ካህናት የብዙ አጥቢያ ገቢ እየሰበሰቡ ራሳቸው ሌላ ቦታ ይኖሩ፣ ሥራውን ለድኻ ረዳት ቄስ ይተዉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1838 የወጣው ሕግ አንድ ቄስ ከሁለት አጥቢያ በላይ እንዳይዝ የከለከለው ለዚህ ነው። የዛሬው ከእጦት እንጂ ከስስት የመጣ አይደለም፤ ለመንደሩ ሰው ግን ያው ነው፣ እረኛው አጠገቡ የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የዚህችው ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ፣ ከ1603 ጀምሮ የጸናውን፣ በየቤተ ክርስቲያኑ እሑድ እሑድ አገልግሎት ይኑር የሚለውን ግዴታ አላላ።

እኔን የሚያሳዝነኝ የቄሱ የሳምንት ውሎ ነው። ሰባት ሰበካ ጉባኤ፣ ሰባት የሒሳብ መዝገብ፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ለአንዲት መስኮት ጥገና የሚጠየቅ ፈቃድ። ለእረኝነት የተቀባ ሰው በወረቀት ሥራ ያልቃል። አጥቢያ ማጣመሩን ትተው የወረቀቱን ሥራ ለሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት ይስጡት፤ ከየመንደሩም ተወላጅ መርጠው ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ካህን ይሹሙ። ሥርዓቱ ይህን ይፈቅዳል፣ በአንዳንድ ቦታም ተሠርቶበታል።

በዚህችው የኖርፎክ መንደራችን የሚሾም ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቁልፉ ያለው አንዲት እናት ዘንድ ነው። ጠዋት ጠዋት በሩን ይከፍታሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ሴቶችን በቅስና ትሾማለች። እኚህ እናት በዚያ ቀብር ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ የሟቹን የሠርግ ቀን እንኳ በቃላቸው ያውቁታል።