ባለቤቱን ካልናቁ ፍሪጁን አይከፍቱ

ዛሬ ጠዋት ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ወተት ረግቶ ጠበቀኝ። መብራቱ ይበራል፣ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ውስጡ ግን ከሳሎኑ አይለይም።

እሱን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ሰዉን ነው። ወሬውን የሰማ ሁሉ በየተራ እየመጣ በሩን ብርግድ ያደርግና እጁን ይሰዳል። ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር የሚዳብስ ነው የሚመስለው። «እውነትም አይቀዘቅዝም» ይላል። ከዚያ በሩን እንደከፈተ ቆሞ ያስባል! ወገኔ፣ ፍሪጅ ቅዝቃዜ አያመርትም። ከውስጥ ሙቀት እየቀዳ ከጀርባው የሚደፋ ዕቃ ነው። አንተ በሩን ከፍተህ ስትፈላሰፍ፣ እሱ በማንኪያ ያወጣውን በባልዲ እየመለስክበት ነው።

የእህቴ ልጅ ደግሞ በሩን ሳይዘጋ «ጋሼ፣ ጋዙ አልቆ ነው» አለኝ።

ይቺን ቃል አልወዳትም። ድሮ አንድ ጠጋኝ እንዲሁ ብሎ ሞላልኝ። በሁለት ወሩ «አልቋል»፣ ደግሞ ሞላ። የነቃሁት በሦስተኛው ነው። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ምድጃ ጋዝ ነዶ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ አንዴ ፈሳሽ እየሆነ፣ አንዴ እየተነነ ሲዞር ይኖራል። ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው። ሰውዬው ቀዳዳውን ፈልጎ እንኳ አያውቅም። ለምን ይፈልግ? ቀዳዳው እንጀራው ነው! ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያበግነኛል።

አያቴ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ትል ነበር። ከተረት ሁሉ እሷን አስበልጣለሁ። የፍሪጅ አጥሩ በሩን የሚዞረው ጎማ ነው። ወረቀት መሃል አድርጌ ዘጋሁና ሳብኩት። ያለ ትግል ሹልክ አለ። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ስጠርገው ከእጥፋቱ የወጣውን ጉድ አልናገርም። እንግዳ ሊያነበው ይችላል። ከዚያ ሶኬቱን ነቅዬ ከግድግዳው ሳብ ባደርገው ከኋላ ያለው የሽቦ መረብ አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ደርቧል። ሙቀቱን በየት በኩል ይድፋው? እሱን ጠርጌ መለስኩት።

አሁን መጠበቅ ነው። ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ቴርሞሜትር ነክሬ መሃል መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ። ነገ ከ4 ዲግሪ ካልበለጠ ድኗል። በሩ ላይም «እስከ ነገ አይከፈትም» ብዬ ለጥፌያለሁ።

እስካሁን ሁለቴ ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ 9 ዲግሪ ነው። እኔ እንኳ ባለቤቱ ነኝ። ይሄን እየጻፍኩ ግን ከወጥ ቤት የበር ድምፅ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ አሁንም አይቀዘቅዝም እኮ!»