ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ ነው እንዴ?

በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሦስት ነገሮች በአንድ ሰሞን ተገጣጠሙ። ኅዳር 5 ጤና ሚኒስቴር ጂንካ ውስጥ ከኢቦላ ጋር የሚዛመደው ገዳዩ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱን ይፋ አደረገ። በአገራችን ሲገኝ የመጀመሪያው ነው። ኅዳር 9 ጀርሞች መድኃኒት እየተላመዱ መሆናቸውን ለማስገንዘብ በየዓመቱ በዓለም ዙሪያ የሚከበረው ሳምንት ገባ። ያው ባነር፣ ያው ስብሰባ፣ ያው «መድኃኒት ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አትውሰዱ»። ኅዳር 12 ደግሞ እንደ ወጉ ኅዳር ታጠነ።

ኅዳር የሚታጠነው በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያራቆተውን የኅዳር በሽታ በማስታወስ ነው። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ሳይቀሩ ታመው ነበር። የዚያን ጊዜ ሰው ምን እየገደለው እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው ከ15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ስለዚህ ቆሻሻ ሰብስቦ አቃጠለ። አይፈረድበትም። እኛ ግን ምን እንላለን? ትኩሳትን ምን እንዳመጣው የሚለይ መሣሪያ ባለበት ዘመን አብዛኛውን ታማሚ ዛሬም በግምት እናክማለን። ጭሱን በካፕሱል ተካነው እንጂ።

አዳዲስ ወረርሽኞችን መከላከልና የመድኃኒት መላመድን መከላከል በየመድረኩ ለየብቻ ነው የሚነሱት። ባለሙያው ሌላ፣ በጀቱ ሌላ፣ ስብሰባውም ሌላ። በእኔ እምነት ግን ሁለቱም የሚሸነፉት አንድ ቦታ ላይ ነው። ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው ደም ሰጥቶ ውጤት በሚጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ላይ።

ቦታውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ትኩሳትና ራስ ምታት ይዟችሁ ሰፈራችሁ ካለ ክሊኒክ ትገባላችሁ። ካርድ ታወጣላችሁ፣ ደም ትሰጣላችሁ። ብዙም ሳትቆዩ ወረቀቱ ይመጣል። «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ።» ሁለቱም! አንደኛው በተበከለ ውሃና ምግብ የሚመጣ ነው። ሌላው በቅማል ወይም በቁንጫ። ባክቴሪያዎቹም ዝምድና የላቸውም። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ በአንድ ቀን መገኘታቸው ብርቅ ነገር መሆን ነበረበት። እኛ ጋ ግን መንታ ሆነው ቀርተዋል። ጓደኛ «አሞኛል» ሲል «ታይፎይድ ነው ታይፈስ?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው።

ጥፋቱ የበሽተኛው አይደለም። የምርመራው ነው። ለታይፎይድ የሚሠራው ዊዳል የሚባለው ምርመራ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። የታይፈሱ ዌል ፊሊክስ ደግሞ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሥራ ነው። ሁለቱም ባክቴሪያውን ራሱን አይፈልጉም። የሚፈልጉት ሰውነት በሽታውን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ደግሞ በሽታው ከለቀቀ በኋላ ለወራት ደም ውስጥ ይቆያል። ቀደም ሲል ታሞ የዳነ ሰው፣ የተከተበ ሰው፣ ሌላ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው፣ ወባ የያዘውም ጭምር «ሪአክቲቭ» (በሽታው አለብህ) ሊባል ይችላል። ዌል ፊሊክስ ይብሳል። የሚሠራው በታይፈስ ባክቴሪያ ሳይሆን ፕሮቲየስ በሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው። ፕሮቲየስ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከሚያመጡት አንዱ ነው። ሽንቱን ያቃጠለው ሰው ታይፈስ አለብህ ቢባል አይግረማችሁ።

ዊዳል ቁም ነገር የሚኖረው በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ደም ተወስዶ የአንቲቦዲው መጠን አራት እጥፍ ሲጨምር ነው። የሕክምና ትምህርቱ የሚለው ይህንን ነው። እስቲ ለሁለተኛ ጊዜ ደም ተወስዶለት የሚያውቅ ሰው ፈልጉልኝ። በአገራችን ዊዳልን ከደም ካልቸር ጋር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ ከሚለየው ምርመራ ጋር ያወዳደሩ ጥናቶችም ተሠርተዋል። ዊዳል «ታይፎይድ አለባችሁ» ካላቸው ሰዎች የአብዛኞቹ ደም ካልቸር ላይ የታይፎይድ ባክቴሪያ አልወጣበትም። እርግጥ ካልቸርም ፍጹም አይደለም። ከአሥር እውነተኛ የታይፎይድ ታማሚዎች አራቱን ያህል ሊያመልጠው ይችላል። ይህ ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል አይሞላውም።

ከወረቀቱ ቀጥሎ መድኃኒቱ ይመጣል። ለታይፎይዱ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ለታይፈሱ ዶክሲሳይክሊን፣ ጠና ካለ ሴፍትሪአክሶን በመርፌ። ሰውየው የያዘው ተራ ቫይረስ ከነበረ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን በራሱ ይሻለዋል። ምስጋናው ግን ለሲፕሮ ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ ክሊኒክ ለምን ይሄዳል? የካርድና የላብራቶሪ ብሩን ቆጥቦ በቀጥታ ፋርማሲ ይገባል። «ሲፕሮ ስጠኝ።» እዚህ ላይ ነው የባነሩ መፈክር የሚያናድደኝ። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ መድኃኒት የሚገዛው ሰው ትዕዛዙን ከክሊኒክ ተምሮ ነው የመጣው። ሕጉማ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ያለ ማዘዣ መሸጥን ይከለክላል። ፋርማሲስቱን መቅጣት ይቻላል። ማዘዣው ራሱ ግምት ከሆነ ግን ቅጣቱ የት ያደርሰናል?

የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን በሦስት ይከፍላቸዋል። በብዛት ልንጠቀምባቸው የሚገቡ፣ በጥንቃቄ የሚታዘዙ፣ ለመጨረሻ አማራጭነት የሚቀመጡ። አሞክሲሲሊንና ዶክሲሳይክሊን መጀመሪያው ውስጥ ናቸው። ሲፕሮና ሴፍትሪአክሶን በጥንቃቄ ከሚታዘዙት ናቸው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 መንግሥታት በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ተሰብስበው በዓለም ለሰው ከሚሰጠው አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው ከመጀመሪያው ቡድን እንዲሆን ተስማምተዋል። ጥሩ ስምምነት ነው። ነገር ግን የውሸት ታይፎይድ እየፈለፈለ ሲፕሮና ሴፍትሪአክሶን የሚያሳዝዝ ምርመራ በየሰፈሩ እያለ 70 በመቶው ከየት ይመጣል?

መጨረሻው ምን እንደሚመስል ፓኪስታን አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ በሲንድ ግዛት ሐይደራባድ ከተማ ሴፍትሪአክሶንን ጨምሮ የተለመዱትን መድኃኒቶች የሚቋቋም ታይፎይድ ተነሳ። ወደ ካራቺም ተዛመተ። ከሚዋጡት መድኃኒቶች ውስጥ በአስተማማኝ ሁኔታ የቀረው አዚትሮማይሲን ነው። አገሪቱ ተገድዳ እ.ኤ.አ. በ2019 አዲሱን የታይፎይድ ክትባት በመደበኛ ፕሮግራሟ ካስገቡት ቀዳሚ ሆነች። በውሸት ታይፎይድ መድኃኒቱን ስንጨርሰው ተጎጂው እውነተኛው የታይፎይድ ታማሚ ነው።

ጨቅላ ሕፃናትማ የሚያሳዝኑ ናቸው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካና በደቡብ እስያ አገሮች በደም ኢንፌክሽን በታመሙ አራስ ሕፃናት ላይ የተሠራ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ነው የወጣው። ከተመረመሩት ግራም ኔጌቲቭ ከሚባለው ትልቅ የባክቴሪያ ወገን የሆኑ ባክቴሪያዎች 97 በመቶዎቹ አምፒሲሊንን፣ 70 በመቶዎቹ ደግሞ ጄንታማይሲንን ይቋቋማሉ። አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን አራስ ሕፃን ሲታመም መጀመሪያ የሚሰጡት ሁለቱ መድኃኒቶች ናቸው። ሕፃኑ በሕይወቱ አንድም ኪኒን ውጦ አያውቅም። የእኛን ዕዳ ነው የሚከፍለው።

አሁን ወደ ጂንካ እንመለስ። ማርበርግ ሲጀምር ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የሰውነት ቁርጥማት ነው። ደም መፍሰሱ ከመጣም ቆይቶ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምልክት ይዞ ክሊኒክ የሚገባ ሰው ምን ሊባል እንደሚችል ከላይ አይተናል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2024 ማርበርግ ሲገባባት የመጀመሪያው ታማሚ ወባም ነበረበት። ትኩሳቱ መልስ አገኘ ተብሎ ሌላ ነገር የጠረጠረ አልነበረም። በዚያ ወረርሽኝ 66 ሰዎች ተይዘው 15 ሞቱ። አብዛኞቹ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። በጂንካም የተያዙ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ባለሙያውን የሚጥለው በሽታው ማርበርግ መሆኑን የሚያውቅበት ቀን አይደለም። ያን ቀን ጓንትና መከላከያ ይለብሳል። የሚጥለው «ታይፎይድ ነው» ብሎ በባዶ እጁ የነካበት ቀን ነው።

ምስጋናም ይገባል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቫይረሱን እዚሁ አገር ውስጥ መርምሮ ለየ። ንክኪ ያላቸውን ሰዎች እየተከታተሉ፣ ጥር 18 ቀን 2018 ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ። ለማርበርግ ፈቃድ ያገኘ ክትባትም መድኃኒትም በሌለበት ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። አናቱ ላይ ያለው ላብራቶሪ ይሠራል ማለት ነው። ጎዶሎው ከታች ነው። የጂንካ ናሙና አዲስ አበባ እስኪደርስ መጀመሪያ አንድ ሰው «ይሄ ትኩሳት ጤነኛ አይመስለኝም» ማለት አለበት። ለትኩሳት ሁሉ ዝግጁ መልስ ያለው ክሊኒክ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም።

መሣሪያው ሁልጊዜ ውድ መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ተነስተው በሊቢያ አድርገው አውሮፓ የገቡ ወጣቶች ትኩሳት ይዟቸው ሐኪም ቤት ሄዱ። ጀርመን፣ ጣሊያንና ኔዘርላንድ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ደማቸው ሲታይ የሚያገረሽ ትኩሳት ባክቴሪያ ተገኘ። በቅማል የሚተላለፍ፣ በእኛ አገር የቆየ፣ የአውሮፓ ሐኪሞች የረሱት በሽታ ነው። ስላይድና በትዕግሥት የሚያይ ዓይን በቃው።

ካልቸር ግን ገንዘብ ይፈልጋል። ጠርሙስ፣ ኢንኩቤተር፣ ሪኤጀንት፣ የማይቋረጥ መብራት፣ የሠለጠነ ሰው። ውጤቱም ቀናት ይፈጃል። ባለሙያዎቹ ደግሞ በግንቦት 2017 በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱ ናቸው። የውጭ እርዳታውም እየሳሳ ነው። ብሪታኒያ በድሃ አገሮች የመድኃኒት መላመድን የሚከታተሉ ላብራቶሪዎችን ሲደግፍ የኖረውን ፍሌሚንግ ፈንድ እንደምታቋርጥ በዚያው ዓመት ክረምት አስታውቃለች። በየጤና ጣቢያው ካልቸር ይሠራ ማለት ቅዠት ነው። በየአጠቃላይ ሆስፒታሉ ይሠራ ማለት ግን ቅዠት አይደለም። ከየአካባቢው የሚወጣው ውጤት ለጤና ጣቢያው ሐኪም «እዚህ ወረዳ ይሄ መድኃኒት አይሠራም» የሚል መረጃ ይሆነዋል። ግምቱ ቢያንስ የተማረ ግምት ይሆናል።

ታማሚውም ድርሻ አለው፤ እሱን አልክድም። ካርድ ከፍሎ፣ ላብራቶሪ ከፍሎ «ቫይረስ ይመስላል፤ ውሃ ጠጣ፣ እረፍ፣ በሦስት ቀን ካልተሻለህ ተመለስ» የተባለ ሰው የተዘረፈ ይመስለዋል። «ባዶ እጄን ሰደደኝ» ብሎ ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል። እዚያ ዊዳል ይጠብቀዋል። ዊዳል ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ለክሊኒኩም ገቢ ነው። ደንበኛውም ስም ያለው በሽታ ይዞ ይወጣል። ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል።

ለዚህ ነው ከታማሚውም ከሐኪሙም ጋር ከመጨቃጨቅ ከኪቱ፣ ከመመርመሪያ ዕቃው መጀመር የሚሻለው። የዊዳልና የዌል ፊሊክስ ኪት ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። የሕክምና መሣሪያን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ካልቸር በሚሠራበት ከተማ ሁለቱ ምርመራዎች ለብቻቸው መድኃኒት ለማዘዝ እንዳይውሉ ጤና ሚኒስቴር መመሪያ ያውጣ፤ ባለሥልጣኑም የማስገቢያ ፈቃዶቹን ከዚያ አንጻር ይከልሳቸው። ለሚቀጥለው ኅዳር ባነር ከማሠራት የሚረክስ ሥራ ነው።