ያለ ፓስፖርት ብራዚል

ለጓደኛዬ ሐውልት ይገባዋል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ማታ 4 ሰዓት ተኝቶ ንጋት 12 ሰዓት የሚነሳ ጨዋ የቢሮ ሠራተኛ ነው። አርብ ግን ጫቱን ይዞ በርጫ ይቀመጣል፣ ምርቃናው አልበርድ ሲለው ለጨብሲ ይወጣል፣ ሌሊት 10 ሰዓት ገብቶ ቅዳሜ ቀን 6 ሰዓት ላይ ይነሳል። የቅዳሜውም እንደዚያው። እንግዲህ አስሉት፤ እንቅልፉ በ6 ሰዓት ዘገየ። የጅማና የሳኦ ፓውሎ የሰዓት ልዩነትም ልክ 6 ነው! እኛ በቡና የምንፎካከራትን ብራዚል እሱ በየሳምንቱ ደርሶ ይመለሳል፣ ያውም ከአልጋው ሳይወርድ።

ጀርመናዊው የሰውነት ሰዓት ተመራማሪ ቲል ሮኔበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ይህን ጉዞ ሶሻል ጄትላግ ብለውታል፤ ሳይበሩ የሚመጣ የሰዓት መዛባት እንደማለት ነው። እኛ ጋ ዊኬንድ ነው የሚባለው።

ጥበቡን ልንገራችሁ። የጅማ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ትወጣለች፤ ምስኪን፣ ዊኬንድ አታውቅም። አንጎል ውስጥ ያለው ዋናው ሰዓት፣ ወደ 20,000 ሴል የሚሆን ቅንጣት ነገር፣ በዓይን የሚገባውን የጠዋት ብርሃን እያየ ነው ራሱን የሚሞላው። ጓደኛዬ ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ በሚስማር መታ። አለቀ። ጉበትና ቆሽትም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፣ እነሱ ደግሞ የሚጠብቁት ምግብ ነው፤ ቁርስ 6 ተኩል ላይ ሲመጣላቸው ግራ ይገባቸዋል። አንጎሉ ገና ጅማ፣ ጉበቱ አትላንቲክ ላይ። አንድ ገላ ውስጥ ይሄን ሁሉ ክልል ማን አስተዳድሮ ያውቃል?

እሁድ 5 ሰዓት ላይ አከራዩ ቡና አፍልተው በሩን ደበደቡ።

«አንተ ልጅ፣ በሕይወት አለህ?»

«አለሁ እትዬ፣ የሳምንቱን የእንቅልፍ ዕዳ እየከፈልኩ ነው።»

«ለማን ነው የምትከፍለው? እኔ የሁለት ወር ኪራይ አልደረሰኝም!»

እሁድ ማታ 4 ሰዓት ላይ እንደ ጨዋ ተጋደመ። ገላው ግን ገና አልመሸበትም። ማታ 2 ሰዓት ላይ የጠጣው ቡናም ቀላል አይደለም፤ ካፌይኑ ግማሽ ለመሆን 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ እንኳ ግማሹ ደሙ ውስጥ ይዞራል። ጣሪያውን ሲቆጥር አደረ። የቆርቆሮው ሚስማር ስንት እንደሆነ ነግሮኛል።

ሰኞ ባጃጅ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኛ። ቢሮው በር ላይ ነካ አደረግኩት።

«ደረስን?» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ጅማ ነው፣ ውረድ» አልኩት።